የወደቁትን ሁሉ በስም ለማስታወስ የተደረገ ጥረት፤ የሰር ፋቢያን ዌር ሕይወትና ሥራ

አንድ ወታደር በውጊያ ላይ ሲወድቅ መውደቁን አስቀድሞ የሚያውቀው አጠገቡ የነበረው ጓዱ ነው፡፡ ያ ጓድ በሕይወት ከቆየ ስሙን ለአዛዡ ያስመዘግባል፤ ለቤተሰቡ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ጊዜ ካገኘም አፈር አልብሶ ከጥይት ሣጥን በተነቀለ ጣውላ ላይ ስሙን በእርሳስ ይጽፍለታል፡፡ ጣውላው በዝናብ ከታጠበ፣ ጓዱም በማግሥቱ ከወደቀ ግን የሟቹ ማንነት ከአፈሩ ጋር ተዳፍኖ ይቀራል፡፡ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያ ወራት በፈረንሳይና በቤልጂየም ግንባሮች የታየው ሁኔታ ይህ ነበር፡፡ እንግሊዛዊው ሰር ፋቢያን ዌር እስከ ዛሬ ድረስ ስማቸው የሚነሳው ይህን የጓዶች የግል ማስታወሻ መንግሥታት በሕግና በመዝገብ የሚፈጽሙት ግዴታ እንዲሆን በማድረጋቸው ነው፡፡ ሥራቸው ታላቅ የመሆኑን ያህል በአህጉራችን ላይ የተወው ጉድለትም ትልቅ በመሆኑ ታሪካቸው ሁለቱንም ይዞ ሊነገር ይገባዋል፡፡

ፋቢያን አርተር ጎልስተን ዌር እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 1869 በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ ክሊፍተን በተባለው ስፍራ ተወለዱ፡፡ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡ ወላጆቻቸው ጥብቅ ሥርዓት ያለው የፕሮቴስታንት ማኅበር ተከታዮች ሲሆኑ፣ ልጃቸውን ያስተማሩትም በቤት ውስጥ በተቀጠሩ መምህራን ነበር፡፡ ዌር በወጣትነታቸው በመምህርነት አገልግለዋል፡፡ በመካከሉም ወደ ፓሪስ ተሻግረው በ1894 በሳይንስ ትምህርት ተመርቀዋል፡፡ በዚያ የቀሰሙት የፈረንሳይኛ ቋንቋና ስለ ፈረንሳይ ሕዝብ ያገኙት ዕውቀት ከሃያ ዓመታት በኋላ ከማንኛውም ወታደራዊ ሥልጠና ይልቅ ጠቅሟቸዋል፡፡

በ1901 ዌር በደቡብ አፍሪካ ትራንስቫል ተመደቡ፡፡ ወቅቱ እንግሊዝ ከቦር ሪፐብሊኮች ጋር ያደረገችው ጦርነት ገና ያላበቃበት ሲሆን፣ አስተዳዳሪው ሎርድ አልፍሬድ ሚልነር በዙሪያቸው ወጣት ባለሥልጣናትን እየሰበሰቡ ነበር፡፡ ዌር በመጀመሪያ የትምህርት ምክትል ዳይሬክተር፣ በኋላም ዳይሬክተር ሆነው ሠሩ፡፡ በ1905 ወደ አገራቸው ተመልሰው ሞርኒንግ ፖስት የተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሲሆኑ እስከ 1911 በዚሁ ኃላፊነት ቆይተዋል፡፡ ከዚያም ለሪዮ ቲንቶ የማዕድን ኩባንያ በልዩ ተወካይነት ሠርተዋል፡፡ እስከዚህ ድረስ ያለው የሕይወት ታሪካቸው በዘመኑ ከነበሩ በርካታ የቅኝ ግዛት ሹማምንት ታሪክ ብዙም አይለይም፡፡

በ1914 የበጋ ወራት ጦርነቱ ሲፈነዳ ዌር 45 ዓመት ሆኗቸው ነበር፡፡ ወደ ጦሩ ለመግባት ቢጠይቁም ዕድሜያቸው አልፏል ተብለው ተመለሱ፡፡ ዌር ግን በዚህ አልቀሩም፡፡ በሎርድ ሚልነር ድጋፍ በእንግሊዝ ቀይ መስቀል ሥር የተቋቋመ ተንቀሳቃሽ ክፍል አዛዥ ሆነው በመስከረም ወር ፈረንሳይ ገቡ፡፡ ክፍሉ የግል መኪናቸውን ይዘው በፈቃዳቸው በመጡ ሰዎች የተዋቀረ ነበር፡፡ የተሰጠው ተግባርም ሠራዊቱ ሲያፈገፍግ ከኋላ የቀሩ ወታደሮችንና ቁስለኞችን ፈልጎ ወደ ሕክምና ማድረስ ነበር፡፡ የመቃብር ጉዳይ በተግባሩ ውስጥ አልተጠቀሰም፡፡

ይሁን እንጂ ቁስለኛ የሚፈልግ ሰው ሙታንንም ያገኛል፡፡ የዌር ሹፌሮች በእርሻ ማሳ፣ በመንገድ ዳርና በገዳማት ቅጥር ውስጥ የተበታተኑ መቃብሮችን ማየት ጀመሩ፡፡ አንዳንዱ ላይ የእንጨት መስቀል ቆሟል፤ አንዳንዱ ላይ የሟቹ ቆብ ተቀምጧል፤ አንዳንዱ ዘንድ ደግሞ ስም የተጻፈበት ወረቀት በጠርሙስ ውስጥ ተደርጎ በአፈሩ ላይ ተተክሏል፡፡ እነዚህን ምልክቶች ያደረጉት የሟቾቹ ጓዶች ናቸው፡፡ አብዛኞቹ ጓዶችም ምልክቱን አድርገው ወደ ሌላ ግንባር ሄደዋል፤ ወይም እነርሱም ወድቀዋል፡፡ የመቃብሮቹን ቦታ በአንድነት የያዘ መዝገብ ግን በማንም እጅ አልነበረም፡፡

በጥቅምት 1914 ዌር ከቀይ መስቀል የሕክምና ኃላፊ ከሌተና ኮሎኔል ኤድዋርድ ስቱዋርት ጋር ቤቱን በተባለችው የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ የሚገኘውን መካነ መቃብር ጎበኙ፡፡ በዚያ ያሉት የእንግሊዝ ወታደሮች መቃብሮች ምልክት ቢኖራቸውም በየትኛውም መሥሪያ ቤት አልተመዘገቡም ነበር፡፡ ሁለቱ ሰዎች ጽሑፎቹ እንዳይጠፉ ተደርገው እንዲታደሱና ወጪውን ቀይ መስቀል እንዲሸፍን ተስማሙ፡፡ ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉ መኪናዎች ቁስለኛ ጭነው ሲመላለሱ ያገኙትን መቃብር ሁሉ ቦታውን፣ ስሙን፣ የጦር ክፍሉንና ቀኑን እየመዘገቡ ያስገቡ ጀመር፡፡ ትእዛዝ ያልነበረው ሥራ በዚህ ሁኔታ ተጀመረ፡፡

ዌር በጦሩ አመራር ዘንድ ያቀረቡት ማስረዳት ከስሜት ይልቅ ከአሠራር የተነሳ ነበር፡፡ ቤተሰብ ልጁ የት እንደተቀበረ መንግሥትን ሲጠይቅ መንግሥት መልስ የለውም፡፡ መልስ ማጣቱ በአገር ቤት ቅሬታን ይወልዳል፤ በግንባር ያለው ወታደርም የወደቀ ጓዱ እንደ ውሻ ተጥሎ መቅረቱን ሲያይ ልቡ ይሰበራል፡፡ አዛዦቹ ይህን ተቀበሉ፡፡ በ1915 መጀመሪያ የዌር ክፍል የመቃብር ምዝገባ ኮሚሽን ተብሎ በጦሩ ሥር ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ፤ ዌርም የሻለቃነት ማዕረግ ተሰጣቸው፡፡ ዕድሜው አልፏል ተብሎ የተመለሰው ሰው በዚህ መንገድ የጦር መኮንን ሆነ፡፡ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የተመዘገቡት መቃብሮች ከ31 ሺህ በላይ ደርሰው ነበር፡፡

ምዝገባው ብቻውን ግን ዘላቂ ዋስትና አልነበረም፡፡ መሬቱ የፈረንሳይ ገበሬዎች ነው፡፡ ጦርነቱ ሲያበቃ ገበሬው ማሳውን ቢያርስ የሚከለክለው ሕግ አልነበረም፡፡ የዌር የፓሪስ ትምህርትና የፈረንሳይኛ ችሎታ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፡፡ ከፈረንሳይ ባለሥልጣናት ጋር ለወራት ከተደራደሩ በኋላ ዲሴምበር 29 ቀን 1915 የፈረንሳይ ምክር ቤት ለተባባሪ አገሮች ወታደሮች መቃብር የሚውለውን መሬት በፈረንሳይ መንግሥት ወጪ ለዘለቄታው የሚሰጥ ሕግ አወጣ፡፡ በሚሊዮን የሚቆጠር ሠራዊት እየተዋጋ ባለበት ወቅት ስለ ሙታን ርስት ሕግ ማስወጣት ቀላል ጉዳይ አልነበረም፡፡

ዛሬ ድረስ የሚያከራክረው ውሳኔም የተወሰነው በዚሁ ዓመት ነው፡፡ በኤፕሪል 1915 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የዊልያም ግላድስተን የልጅ ልጅ የሆነ የምክር ቤት አባል በግንባር ተገደለ፡፡ ቤተሰቡም ልዩ ፈቃድ አግኝቶ አስከሬኑን ወደ አገር ቤት አስመጣ፡፡ አቅምና ዘመድ ያለው ሙታኑን ሊያመጣ፣ የሌለው ግን ሊያስቀር መሆኑ ታየ፡፡ ከዚህ በኋላ ማንኛውም አስከሬን ከግንባር ወደ እንግሊዝ እንዳይመለስ ተከለከለ፡፡ ዌር ይህን ክልከላ እስከ መጨረሻው አጥብቀው ይዘውታል፡፡ ጄኔራሉና ተራው ወታደር ጎን ለጎን እንደተዋጉ ሁሉ ጎን ለጎን ማረፍ እንዳለባቸው ያምኑ ነበር፡፡

ሌሎች አገሮች በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ መከተላቸውን መጥቀስ ተገቢ ነው፡፡ አሜሪካ ለቤተሰብ ምርጫ ሰጥታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አስከሬኖችን በባሕር ወደ አገሯ አጓጉዛለች፡፡ የእኛም አገር ልምድ ከዌር መንገድ የተለየ ነው፡፡ በኮሪያ ጦርነት የተሰለፉት የቃኘው ሻለቃ ጀግኖች ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን ቢያጡም የአንዱንም አስከሬን በባዕድ ምድር አላስቀሩም፡፡ በቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ለጊዜው ያረፉት ኢትዮጵያውያንም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፡፡ ወገንን በአገሩ አፈር ማሳረፍ በእኛ ዘንድ የከበረ ባህል በመሆኑ የዌር ክልከላ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከበድ ብሎ ሊታየው ይችላል፡፡ በሟቾች ብዛት በኩል ሲታይ ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ እንግሊዝና ግዛቶቿ በዚያ ጦርነት ያጡት ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር፡፡

በ1916 የዌር መሥሪያ ቤት ወደ መቃብር ምዝገባና ማጣሪያ ዳይሬክቶሬት ከፍ አለ፡፡ ሥራውም ከፈረንሳይ አልፎ ወደ ሌሎች ግንባሮች ተስፋፋ፡፡ በእርሳስ የተጻፉት ጣውላዎች ስም በተቀረጸባቸው የብረት ቅጠሎች ተተኩ፡፡ ለቤተሰብ የመቃብሩ ፎቶግራፍና መንገዱን የሚያመለክት ማስታወሻ ይላክ ጀመር፡፡ አንድ ሌላ አነስተኛ የሚመስል ማሻሻያም በዚሁ ዓመት ተደረገ፡፡ እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ወታደር በአንገቱ የሚያንጠለጥለው የማንነት መለያ አንድ ብቻ ነበር፡፡ ጓዱ መሞቱን ለማሳወቅ መለያውን ከአንገቱ ፈትቶ ሲወስድ አስከሬኑ ያለ ስም ይቀራል፡፡ ከ1916 ጀምሮ ሁለት መለያ እንዲታደል ተደረገ፡፡ ቀዩ ለሪፖርት ይወሰዳል፤ አረንጓዴው ከሟቹ ጋር ይቀራል፡፡ በዚህ ቀላል ዘዴ ምክንያት ስንት ሰው ስሙ እንደተረፈ መገመት አያዳግትም፡፡

ሜይ 21 ቀን 1917 የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት የጦር መቃብሮች ኮሚሽን በንጉሣዊ ቻርተር ተቋቋመ፡፡ ካናዳ፣ አውስትራልያ፣ ኒውዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካና ሕንድ በአባልነት የተወከሉበት ይህ ተቋም የዌልሱን ልዑል ፕሬዚዳንት፣ የጦር ሚኒስትሩን ሊቀመንበር አድርጎ ቢመሠረትም የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚመሩት ምክትል ሊቀመንበሩ ፋቢያን ዌር ነበሩ፡፡ ዌር ጦርነቱ ሲያበቃ የሜጀር ጄኔራልነት ማዕረግ ላይ ደርሰው ነበር፤ በኋላም የሰርነት ክብር ተሰጥቷቸዋል፡፡

ኮሚሽኑ የመቃብሮቹን መልክ እንዲያጠኑለት የብሪቲሽ ሙዚየም ዳይሬክተር የነበሩትን ሰር ፍሬደሪክ ኬንየንን መረጠ፡፡ ኤድዊን ለትየንስ፣ ኸርበርት ቤከርና ሬጂናልድ ብሎምፊልድ የተባሉት የዘመኑ ታዋቂ አርክቴክቶች ንድፉን እንዲሠሩ ተመደቡ፡፡ በሎስ ጦርነት የ18 ዓመት ልጁን ያጣውና አስከሬኑን ሳያገኝ የሞተው ደራሲው ሩድያርድ ኪፕሊንግ ለሐውልቶቹ የሚጻፈውን ቃል እንዲያዘጋጅ ተጠየቀ፡፡ በ1918 መጨረሻ የቀረበው የኬንየን ሪፖርት ለማዕረግ፣ ለዘርና ለሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ ሁሉም እኩል እንዲታወሱ የሚያደርግ መመሪያ አወጣ፡፡ የመቃብር ድንጋዩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ፤ ቁመቱ 81፣ ስፋቱ 38 ሴንቲ ሜትር፡፡ በላዩም የጦር ክፍሉ ዓርማ፣ ስም፣ ማዕረግ፣ የሞተበት ቀንና የሃይማኖቱ ምልክት ይቀረጻል፡፡ ቤተሰብ ከ66 ፊደላት ያልበለጠ የራሱን ቃል እንዲጨምር ተፈቀደለት፡፡ ለእያንዳንዱ ፊደል ክፍያ እንዲጠየቅ መደረጉ ግን ከእኩልነቱ መርህ ጋር የሚጋጭ ነበር፤ በኋላ ክፍያው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ተደርጓል፡፡

ይህ መመሪያ ይፋ ሲሆን ከፍተኛ ተቃውሞ አስነሳ፡፡ ብዙ ወላጆች መንግሥት ልጃቸውን በሕይወት ሳለ ወስዶባቸው ሲሞት ደግሞ ሬሳውን እንደያዘባቸው ተሰማቸው፡፡ ክርስቲያን ቤተሰቦች በመቃብሩ ላይ የመስቀል ቅርጽ እንዲቆም ፈለጉ፡፡ በጦርነቱ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ያጣች ሌዲ ፍሎረንስ ሴሲል የተባለች እናት ከ8 ሺህ በላይ ፊርማ ያለበት አቤቱታ ለዌልሱ ልዑል አቀረበች፡፡ የእነዚህ እናቶች ጥያቄ ሐሰት አልነበረም፤ ሐዘናቸውም ከማንም አያንስም፡፡ ዌርም ይህን አልካዱም፡፡ ያነሱት ነጥብ ሌላ ነበር፡፡ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ አቅሙ ሐውልት ቢያቆም የባለጠጋው ልጅ በእብነ በረድ ሲታወስ በዚያው ምሽግ ከጎኑ የወደቀው የአናጺው ልጅ ያለ ምልክት እንደሚቀር አስረዱ፡፡

ጉዳዩ ሜይ 4 ቀን 1920 በእንግሊዝ ታችኛው ምክር ቤት ለክርክር ቀረበ፡፡ ስብሰባው ስሜት የተሞላበት ነበር፤ ከተናጋሪዎቹ መካከልም ልጆቻቸውን ያጡ ነበሩበት፡፡ ኪፕሊንግ የላከው ደብዳቤ ተነበበ፡፡ በወቅቱ የጦር ሚኒስትርና የኮሚሽኑ ሊቀመንበር የነበሩት ዊንስተን ቸርችልም የኮሚሽኑን አቋም በመደገፍ ንግግር አደረጉ፡፡ በመጨረሻም የእኩልነቱ መመሪያ ጸና፡፡ ዌር ራሳቸው የምክር ቤት አባል ስላልነበሩ በዚያ ቀን አልተናገሩም፡፡ ለተናጋሪዎቹ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ያዘጋጀው ግን የእርሳቸው መሥሪያ ቤት ነው፡፡

ከክርክሩ በኋላ የነበረው ሥራ እጅግ ሰፊ ነበር፡፡ የጦሩ ልዩ ጓዶች የቀድሞውን የጦር ሜዳ በካሬ እየከፋፈሉ በመፈተሽ እስከ 1921 ድረስ ከ200 ሺህ በላይ አስከሬኖችን ከተበታተኑ መቃብሮች ወደ ተሰበሰቡ መካነ መቃብሮች አዛውረዋል፡፡ በ1923 በሳምንት ከ4 ሺህ የማያንሱ የመቃብር ድንጋዮች ወደ ፈረንሳይ ይላኩ ነበር፡፡ በ1927 የተጠናቀቁት መካነ መቃብሮች ከ500 በላይ፣ የቆሙት ድንጋዮችም 400 ሺህ ደርሰዋል፡፡

አስከሬናቸው ላልተገኘው ወታደሮች ደግሞ ስማቸው በግንብ ላይ እንዲቀረጽ ተወሰነ፡፡ በ1927 በቤልጂየም ኢፕር ከተማ የተመረቀው የሜኒን በር ከ54 ሺህ በላይ፣ በ1932 በፈረንሳይ ቲየፕቫል የተመረቀው ሐውልት ከ72 ሺህ በላይ ስሞችን ይዘዋል፡፡ በፈረንሳይ ኑቭ ሻፔል በ1927 የቆመው ሐውልትም ከ4 ሺህ 700 በላይ የሕንድ ወታደሮችንና ሠራተኞችን በስም ይዘክራል፡፡ ከጦርነቱ የተረፉ ወታደሮች በእነዚህ ግንቦች ሥር ተገኝተው የጓዶቻቸውን ስም በጣታቸው ሲፈልጉ መታየታቸው የተለመደ ሆነ፡፡ አብሮ የተዋጋን ሰው ስም በሺዎች መካከል ማግኘት ምን ያህል ትርጉም እንዳለው የሚያውቀው የፈለገው ሰው ነው፡፡

ከአውሮፓ ውጭ ግን ሁኔታው ሌላ ነበር፡፡ እዚህ ላይ የዌርን ታሪክ በአድናቆት ብቻ መዝጋት አይቻልም፡፡ በምሥራቅ አፍሪካ እንግሊዝ ከጀርመን ጦር ጋር ባደረገችው ውጊያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያን በወታደርነትና ይልቁንም በጓዝ ተሸካሚነት ተሰልፈዋል፡፡ ጥይት፣ እህልና ቁስለኛ በጫንቃቸው ተሸክመው መኪናና በቅሎ በማይገባበት ጫካ ሲጓዙ በበሽታ፣ በረሃብና በድካም ያለቁት ወደ 100 ሺህ እንደሚጠጉ ይገመታል፡፡ በናይሮቢና በዳሬሰላም የሚገኙት ካሪያኮ የተባሉ ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከእነዚሁ ተሸካሚዎች የጦር ክፍል ነው፡፡ ሰፈሮቹ ስማቸውን ጠብቀዋል፤ የሰዎቹ ስም ግን በድንጋይ ላይ አልተጻፈም፡፡

በ1920ዎቹ ኮሚሽኑ ከቅኝ ግዛት አስተዳዳሪዎች ጋር ተመካክሮ በምሥራቅ አፍሪካ ለአፍሪካውያን ሟቾች በስም የመቃብር ድንጋይ ከማቆም ይልቅ በሞምባሳ፣ በናይሮቢና በዳሬሰላም የጋራ ሐውልቶች እንዲቆሙ አደረገ፡፡ በሐውልቶቹ ላይ የወታደርና የተሸካሚ ምስል ቢኖርም የሟቾች ስም የለም፡፡ በአንዳንድ ስፍራዎች የአውሮፓውያኑ መቃብር በሥርዓት ሲጠበቅ በአቅራቢያው የነበረው የአፍሪካውያን መቃብር ወደ ዱርነት እንዲመለስ ተትቷል፡፡ በኢራቅ ባስራ በቆመው ሐውልትም የሕንድ መኮንኖች ስም ሲቀረጽ ተራ ወታደሮቹ በጦር ክፍላቸው ቁጥር ብቻ ተመለከቱ፡፡

ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ይቀርቡ ነበር፡፡ አንደኛው መዝገብ አለመኖሩ ነው፤ ይህ በከፊል እውነት ነው፡፡ ተሸካሚዎቹ ሲመለመሉ ስማቸው በአግባቡ ያልተያዘባቸው አካባቢዎች ነበሩ፡፡ ሁለተኛው ግን አፍሪካውያን የመቃብርን ክብር አይረዱም የሚል የዘመኑ የቅኝ ገዢዎች አስተሳሰብ ነው፡፡ ሙታኑን አክብሮ መቅበርና ተዝካር ማውጣት በአህጉራችን ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው የዚህ አባባል ሐሰትነት ማስረጃ አይሻም፡፡ ዌር በእነዚህ ዓመታት የመሥሪያ ቤቱ ዋና ሰው እንደመሆናቸው ውሳኔው ከእርሳቸው ኃላፊነት ውጭ ነው ማለት አይቻልም፡፡ በቤቱን በእንጨት ላይ የተጻፈች አንዲት ስም እንዳትጠፋ የደከመው ሰው በሌላ ግንባር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች ሲቀሩ ዝም ማለቱ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ የሚታይ ስንጥቅ ነው፡፡

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ሲጀመር ዌር 70 ዓመት ሞልቷቸው ነበር፡፡ እንደገና በጦር ሚኒስቴር የመቃብር ምዝገባ ኃላፊ ሆነው ተመደቡ፡፡ የጀርመን አውሮፕላኖች የእንግሊዝን ከተሞች ሲደበድቡ ሞት ከግንባር ወደ መኖሪያ ቤት መምጣቱን ተመለከቱ፡፡ በቦምብ የሞቱት ሲቪሎችም በስም እንዲመዘገቡ ለጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ሐሳብ አቀረቡ፤ ተቀባይነትም አገኘ፡፡ ወደ 67 ሺህ የሚጠጉ ስሞችን የያዙት ጥራዞች በለንደን ዌስትሚኒስተር አቢ ይገኛሉ፡፡

የኮሚሽኑ ሥራ ወደ አገራችን የደረሰውም በዚሁ ጦርነት ምክንያት ነው፡፡ በ1941 ፋሺስት ጣልያን ከኢትዮጵያ በተባረረችበት ዘመቻ ከአርበኞቻችን ጎን ከደቡብ አፍሪካ፣ ከናይጀሪያ፣ ከጎልድ ኮስት፣ ከምሥራቅ አፍሪካና ከሕንድ የመጡ ወታደሮች ተሰልፈው ነበር፡፡ ከእነርሱ መካከል የወደቁት በአዲስ አበባ በሚገኘው የጦር መካነ መቃብር ዌር ባስለመዱት አንድ ዓይነት ሥርዓት አርፈዋል፡፡ በኤርትራ ከረን በሚገኘው መካነ መቃብርም በሃይማኖታቸው ሥርዓት አስከሬናቸው የተቃጠለ የሕንድ ወታደሮች ስም በመታሰቢያ ላይ ተጽፏል፡፡ ከአምስት ዓመት በፊት በማይጨውና በሌሎች ግንባሮች የወደቁት ኢትዮጵያውያን ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበራቸውም፤ የአብዛኞቹ ስም የተጠበቀው በቤተሰብና በጓዶቻቸው አንደበት ነው፡፡

ዌር በ1948 ከኮሚሽኑ ለቀቁ፡፡ በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል 28 ቀን 1949 በ79 ዓመታቸው በግሎስተርሻየር አምበርሊ በተባለች መንደር አረፉ፡፡ የተቀበሩትም በዚያው በመንደሪቱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሲሆን፣ በመቃብራቸው ላይ የቆመው ድንጋይ ለወታደሮቹ ባቆሙት ዓይነት የተሠራ ነው፡፡

ያቋቋሙት መሥሪያ ቤት ከ1960 ጀምሮ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን በሚል ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ከ150 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች የሁለቱን የዓለም ጦርነቶች ወደ 1 ነጥብ 7 ሚሊዮን የሚጠጉ ሟቾች ያስታውሳል፡፡ በኤፕሪል 2021 ኮሚሽኑ ያስጠናውን ሪፖርት ይፋ አድርጎ ይቅርታ ጠይቋል፡፡ በሪፖርቱ መሠረት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞቱት የአፍሪካ፣ የሕንድና የመካከለኛው ምሥራቅ ተወላጆች ከ45 ሺህ እስከ 54 ሺህ የሚሆኑት ከሌሎች ባነሰ ሁኔታ ሲታወሱ፣ ቢያንስ 116 ሺህ ምናልባትም እስከ 350 ሺህ የሚደርሱት በስማቸው አልታወሱም፤ ወይም ጭራሹን አልታወሱም፡፡ የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስትርም በምክር ቤት ቀርበው ይቅርታ ጠይቀዋል፡፡

ከዚያ ወዲህ ኮሚሽኑ የጠፉትን ስሞች የሚፈልጉ አጥኚዎችን ወደ ልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች አሰማርቷል፡፡ በጃንዋሪ 2025 በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ከ1 ሺህ 700 በላይ ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን የጦርነቱ ሠራተኞችን በስም የሚዘክር መታሰቢያ ተመርቋል፡፡ በኬንያም ጠፍተዋል ተብለው ይታሰቡ ከነበሩ የቅኝ ግዛት ዘመን ወታደራዊ ሰነዶች ውስጥ የበርካታ ወታደሮችና ተሸካሚዎች ስም ተገኝቷል፡፡ ሰነዶቹን የጻፉት በዘመኑ የነበሩ ተራ የጽሕፈት ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይነበብ የቆየው የእጅ ጽሑፋቸው አሁን አንድ በአንድ እየተገለበጠ ነው፡፡